ጳውሎስ ሹሩባ ከልክሏል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለእህቴ ሠርግ አልባሶ ተሠርቼ ነበር። በሳምንቱ ቅዳሴ ስሄድ አንዲት እናት «ጳውሎስ ሹሩባ ከልክሏል» ብለው ሰው ፊት ተቆጡኝ። ቤት ገብቼ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥9ን ባየው እውነትም «በሽሩባ» ይላል። ልፍታው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትፍቺው። ስንት ሰዓት ቁጭ ብለሽ የተሠራሽውን!

ቃሉ አለ፤ እኒያ እናት አልዋሹም። ችግሩ «ሽሩባ» ሲባል እኛ ዓይን ላይ የሚመጣው የኛው ሹሩባ መሆኑ ነው። ጢሞቴዎስ መልእክቱ ሲደርሰው የነበረው ኤፌሶን ነው፤ ገንዘብ የሞላበት የወደብ ከተማ። በዚያ ዘመን ባለጠጋ ሴት ጠጉሯን የምትሠራው ጎረቤቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ አይደለም። ለዚሁ ሥራ የተገዛች ባሪያ አለቻት። ባሪያዋ በእሳት በጋለ ብረት ትጠቀልላለች፣ በአጥንት መርፌና በክር እየሰፋች ትክባለች፣ ወርቅና ዕንቁ ትሰካለች። ሐዋርያውም ሽሩባን ለብቻው አልጠራም። ወርቁን፣ ዕንቁውን፣ ውዱን ልብስ አስከትሎ ነው የጠራው።

ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ የሚያምኑ ጌቶች ስላሏቸው ባሮች ይናገራል። እስቲ አስቢው። እመቤቲቱ ከፊት ቆማ ትጸልያለች፤ ያን ጠጉር ስትሰፋ የቆየችው ከኋላዋ ቆማለች።

ጴጥሮስም (1ኛ ጴጥ. 3፥3) ጠጉር መሸረብን፣ ወርቅ ማንጠልጠልን፣ «ልብስን መጐናጸፍ»ን አንድ ላይ ነው ያነሣው። ቃል በቃል እንያዘው ካልን ነጠላችንንስ የት እናድርገው? ጌጥሽ ከውጭ ያለው ብቻ አይሁን ማለቱ ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅን ግን ወደ እኔ ልጎትተው አልችልም። ይህንኑ ክፍል ሲተረጉም፣ ተሸላልማ ለጸሎት የመጣችውን ሴት «ወደ ዘፈን ነው ወይስ ወደ ሠርግ የመጣሽው?» ይላታል። አንቺ እንኳ ከሠርግ ነው የመጣሽው፤ ቢሆንም ጥያቄውን ያዢው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ ደግሞ ዊግ ላይ የባሰ ነው። ካህኑ እጁን ሲጭን የሚባርከው የማንን ራስ ነው? የሴትዮዋን ሳይሆን የሌላ ሰው ጠጉር ነው ይላል። ዊግ የምታደርጉ እኅቶች እንዳትቀየሙኝ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት!

በጸሎት ጊዜ ራስን መሸፈን ላይ ግን አልደራደርም። 1ኛ ቆሮንቶስ 11ን አንብቢ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህንኑ ይዛ ኖራለች። አልባሶሽ ከነጠላሽ ሥር ይሁን፣ ይበቃል።

እኒያን እናት ስታገኚያቸው ቀድመሽ ሰላም በያቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው ለጥምቀት ሹሩባ ሳይሠሩ የወጡ አይመስለኝም።