ለባሕር ዳር ጠያቂዋ እህት፦ ጀልባ ላይ ሳትወጪ ይህን አንብቢ

እህቴ፣ ከባለቤትሽ ጋር ለቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር ልትሄዱ ነው። ጸጥ ያለ ሆቴልና ደሴት ላይ የሚዋኝበት አሸዋማ ዳርቻ ጠቁሙኝ ብለሽ የጻፍሽውን አየሁ። ከሥር «ዋው ባሕር ዳር» እያሉ ልብ የሚለጥፉትን ተያቸውና እኔን ስሚኝ። እኔም የምሄደው ከአዲስ አበባ ነው፣ እኔም ባል አለኝ፣ እኔንም የወሰደኝ ጸጥታ ፍለጋ ነው። ስለ ትኬትና ስለ ባጃጅ አላደክምሽም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ብቻ በዚያው ሳምንት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውለሽ አጣሪ።

1ኛ፦ ዋናውን እርሺው። በፎቶ የለመድሽውን ዓይነት ነጭ አሸዋ ጣና ላይ አትጠብቂ። ደሴቶቹ ዳር የምታገኚው ጥቁር ድንጋይ፣ ጭቃና ደንገል የሚባለው የውሃ ዳር ተክል ነው። ይባስ ብሎ ቢልሃርዝያ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለ። ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚወዱት እግርሽን መንከር የሚያምርሽን፣ ረጋ ያለና ቅጠል የበዛበትን ዳርቻ ነው። ውሃውን ባትጠጪውም ትሉ በቆዳ ይገባል። ልጆች ሲንቦጫረቁ ታያለሽ፣ «ምንም አይልም፣ ግቢ» ይሉሻል። እንዳትሰሚያቸው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ካልዋኘሁ ካልሽ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዢ፤ አሸዋና ዋና ካማረሽ ደግሞ ላንጋኖ ቅርብሽ ነው።

2ኛ፦ ሆቴሉ። «ሐይቅ ዳር፣ ጸጥ ያለ፣ ለቤተሰብ ተስማሚ» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ተጠራጠሪ። ሐይቅ ዳር ያለ ሰፊ ግቢ ቅዳሜ ሰርግ አያጣውም። ሙሽሮች ለፎቶ የሚመጡት እዚያው ሣሩ ላይ ነው፣ አጃቢ መኪኖቻቸው ክላክስ እያስጮኹ። እኛ ሐይቁ ፊት ለፊት የሚታይበት ክፍል ይሻለናል ብለን ጨምረን ከፈልን። በረንዳችን ሥር እኔን የሚያክል ስፒከር ተተከለልን። መብራት ሲጠፋ ተመስገን ብዬ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ተነሳና እስክስታው ቀጠለ። እንግዳ መቀበያ ያለውን ልጅ ብጠይቀው «ደስታ እኮ ነው፣ ውረዱና ጨፍሩ» አለኝ። ባሌ ወረደ። እኔ ትራስ ጆሮዬ ላይ ጭኜ አደርኩ።

ከዚያ ወዲህ ያወጣሁት ዘዴ አለ፣ በነፃ ወስደሽ ተጠቀሚበት። ሆቴሉ ጋ ደውለሽ ክፍል አትጠይቂ። «ለሰርግ አዳራሽ ፈልጌ ነበር፣ ይሄ ቅዳሜ ነፃ ነው?» በያቸው። ተይዟል ካሉሽ አመስግነሽ ዝጊ። ነፃ ነው ካሉሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባልሽ ደውሎ ክፍል ይያዝ፣ ወደ ጓሮ በኩል፣ ከጄኔሬተሩ የራቀ። አጎበር መኖሩንም ይጠይቅ፣ ከተማው ወባ አያጣውም። በጥር እና ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ይህም ዘዴ ብዙ አያዋጣሽም፣ ሁሉም ቦታ ሰርግ ነው። ጸጥታ ከልብሽ ከፈለግሽ በሁዳዴ ሂጂ። ሰርግ የለም፣ ዘፈኑም ቀዝቀዝ ይላል። ሌሊት የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሊቀሰቅስሽ ይችላል፣ እሱ ግን ለእኔ ከጸጥታ ይቆጠራል።

3ኛ፦ ጀልባ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ገንዘብሽን የሚበላው ይሄ ነው።

ጠዋት አንድ የጀልባ ማኅበር ቢሮ ሄድን። «3 ደሴት፣ ለሁለት ሰው» ብለው ደረሰኝ ቆረጡልን። ባሌም እኔም ፊት ለፊት ቆመናል፣ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ሴት መሆኔ የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የመጀመሪያው ማረፊያ ክብራን ገብርኤል ሆነ። ልወርድ ስል ባለጀልባው «እርስዎ እዚሁ ይጠብቃሉ» አለኝ። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አይገባበትም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ አባቶችን አንድም ቃል አልተናገርኩም። የሚያበሳጨው ቢሮው እያወቀ የሁለት ሰው ሒሳብ መቀበሉ ነው። ባሌ ሽቅብ ወጣ። እኔ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ባለጀልባው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውሃ ሲቀዳ አያለሁ። አንድ ከደንገል የተሠራ ታንኳ መጣ፣ እንጨት የጫነ፣ ከውሃው አንድ ጣት ቢተርፈው ነው። ሰውየው እንጨቱን አራገፈና ታንኳውን ጎትቶ ድንጋይ ላይ አቆመው። ከደንገሉ ውስጥ ውሃው እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ካላደረቁት እየከበደ ሄዶ ቶሎ ይበሰብሳል አለኝ ባለጀልባው።

የሚቀጥለውስ? ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ሁለተኛው ደሴት በጀልባ ዞረው የሚያሳዩት ብቻ ኖሯል። ሦስተኛው «ሞገድ ከተነሳ አንሄድም» ነው። ሞገዱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሳ ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ተመልሰን ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሴት ክብራን እንደማትገባ የማያውቅ አለ እንዴ?» አለችኝ። ደረሰኙን አሳየኋት። «እዚህ ላይ የሚለው ጉዞ ነው፣ መግባት አይልም» አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጠበቃ አላየሁም! እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለሚገባው ቱሪስት ሁሉ ደረሰኜን እያሳየሁ ታሪኬን መናገር ስጀምር ኃላፊው ከጓዳ ወጣ። ገንዘብ አልመለሱም፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ያለ ክፍያ እንጦስ ኢየሱስንና ዘጌን አሳዩን። ባሌ «አንቺ እኮ ክርክር ትወጃለሽ» ይላል። ዘጌን ያየው ግን በእኔ ክርክር ነው።

ስለዚህ ከመክፈልሽ በፊት የደሴቶቹን ስም አንድ በአንድ አስጽፊ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። የነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የነዐፄ ፋሲል አፅም ያለው ዳጋ ስለሆነ ባልሽ ይጓጓ ይሆናል፣ ሩቅ ነው፣ ሌላ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ይሂድ። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ አንቺም ትገቢበታለሽ። ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ደቅ ደሴት ጋ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ለሁለት ቀን ጉዞ አልመክርሽም። የየገዳሙ መግቢያ ከጀልባው ሒሳብ ውጪ ነው፣ ዝርዝር ብር ያዢ። ስንት ሰዓት እንደሚጠብቁሽም ይጻፍ። የሕይወት ጃኬቱን በዓይንሽ ሳታዪ አትነሺ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ውጪ፣ ሐይቁ ያኔ ዝም ያለ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ካልሽኝ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ዘጌ። ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ወደ ሐይቁ የገባ መሬት ነው። ከወደቡ በቡና ጫካ መሐል ሽቅብ ትሄጃለሽ። በልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ስለሆነ ነው ጫካው የተረፈው ይላሉ። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ሰው በላ የነበረውን በላዔ ሰብን ፈልጊው፣ ለለማኙ ውሃ ሲሰጥ። መንገድ ላይ ትንንሽ ታንኳ የሚሸጡ ልጆች ይከተሉሻል፣ ስትመለሺ እገዛለሁ ካልሽ በደንብ ያስታውሱሻል። የምታወልቂው ጫማ ቀላል ይሁን።

ምሳ ላይ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ እዘዢ፣ ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ። ቶሎ አይደርስም፣ እሁድ በረራ ካለሽ አስቀድመሽ እዘዢ።

ያገኘሁትን ጸጥ ያለ ሆቴል ስም ኢንቦክስ አደርግልሻለሁ። እዚህ ከጻፍኩት በሚቀጥለው ጥር ሰርግ ይገባበታል።