«ትራይሶሚ 16 ነው» ተባልኩ፤ ቀጣዩ እርግዝናዬስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 34 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ 9ኛ ሳምንት ላይ የልብ ምቱ ቆሞ ተገኘ። ማህፀኔ ከተጠረገ በኋላ ናሙናው ተመርምሮ «ትራይሶሚ 16» ተባልኩ፤ በስልክ፣ በሁለት ደቂቃ። እናቴ ከአገር ቤት እየደወለች «ሾተላይ ይሆናል» ትላለች። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከባድ ሻንጣ ማንሳቴ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ቀጣዩም እንዲህ ይሆን? ከባለቤቴ ጋር እንመርመር?

መልስ፦ ከሻንጣው ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳዎት እሱ ይመስለኛል። ሻንጣው አይደለም። ትራይሶሚ 16 (የዘር መረጃ የሚሸከመው 16ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት መሆኑ) የሚመጣው እንቁላሏ ስትዘጋጅ ነው፤ ማለትም ገና ሳያረግዙ። ሻንጣውን ባነሱበት ቀን ነገሩ ካለቀ ሳምንታት አልፈውታል። ቡናውም፣ ደረጃውም፣ የተናደዱበት ቀንም አይደለም።

በሴሎቻችን ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች አሉ፤ 23 ከእናት፣ 23 ከአባት። እንቁላል ያላትን አካፍላ 23 ብቻ ይዛ መውጣት አለባት። አንዳንዴ ግን 16ኛው ጥንድ ሳይላቀቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የአባት አንድ ሲጨመር ሦስት ሆነ ማለት ነው። 21ኛው ሦስት ሲሆን ዳውን ሲንድሮም እንለዋለን፤ ልጁ ተወልዶ ሊያድግ ይችላል። 16ኛው በሁሉም ሴል ሦስት ከሆነ ግን ፅንሱ እስከ መወለድ አይደርስም። አልጋ ላይ ቢውሉም፣ መድኃኒት ቢወስዱም ማንም ሊያቆየው አይችልም ነበር። ይህን ስል የእርስዎን ኀዘን ለማቅለል አይደለም። ጥፋተኛ ፍለጋውን እንዲያቆሙ ብዬ ነው።

ብቻዎንም አይደሉም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የክሮሞዞም ችግር ያለባቸው ናቸው። ከትራይሶሚዎቹ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ይኸው 16ኛው ነው።

ሾተላይ የሚባለው ሌላ ነገር ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳውም ቀጣዮቹን እርግዝናዎች ነው። የእርስዎን አይገልጸውም። ግን የእናትዎን ቃል ችላ አይበሉት፦ የደም ዓይነትዎን ይጠይቁ። ኔጌቲቭ ከሆኑ መከላከያው መርፌ ተሰጥቶዎት እንደሆነ ሐኪምዎ ይንገሩዎት።

ወደ ቀጣዩ ልምጣ። አንድ ጊዜ ትራይሶሚ የገጠማት ሴት በአብዛኛው ቀጥሎ ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ዋናው ወሳኝ ዕድሜ ነው። እንቁላሎችዎ የተሠሩት እርስዎ በእናትዎ ማህፀን ሳሉ ነው፤ 34 ዓመት ጠብቀዋል። በቆዩ ቁጥር ክሮሞዞሞቹን አያይዞ የሚያቆያቸው ነገር እየላላ ይሄዳል። 35 ዓመት አካባቢ ከ5 እርግዝና 1 ያህሉ፣ 40 ላይ ከ10 እርግዝና 4 ያህሉ ይወርዳል። ስለዚህ ለዓመታት ባያራዝሙት እመርጣለሁ። አንዳንዴ እንደሚባለው ስድስት ወር መጠበቅ ግን ግድ አይደለም። ደሙ ቆሞ አንድ የወር አበባ ካዩና ልብዎም ከተዘጋጀ ይበቃል። ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከዛሬ ይጀምሩ።

የሁለታችሁ የክሮሞዞም ምርመራ አሁን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ፅንስ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲወርድ፣ ወይም ናሙናው ላይ የክሮሞዞም ቁራጭ ቦታ ተለዋውጦ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ከወላጆች አንዱ ሳያውቅ ይህን መለዋወጥ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። በተደጋጋሚ ሲወርድ ታይሮይድ፣ የማህፀን ቅርፅና ደም የሚያረጉ ፀረ እንግዳ አካላትም ይታያሉ።

እንዲህ ያለ ውጤት በስልክ ብቻ መነገሩ አሳዝኖኛል። ቀጠሮ ይያዙና ወረቀቱን ይጠይቁ። «ሙሉ 16ኛ ክሮሞዞም ብቻ የተጨመረበት ነው ወይስ የተለዋወጠ ቁራጭ አለበት?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀድመው ያስመዝግቡ። ባለቤትዎም አብረው ይሂዱ፤ ስለ ሻንጣው ሐኪሙ ሲናገሩ እሳቸውም ይስሙ።