ግድግዳው ውሃ ጠምቶት ነበር

ጥያቄ፦ ሰበታ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ሠርቻለሁ። የለሳኝ ዋጋ ስለከበደኝ ቅዳሜና እሁድ ራሴ መለሰን ጀመርኩ። ጠንክሮ እንዲይዝልኝ ብዬ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ አቡክቼ አንዱን ግድግዳ በአንድ ቀን ጨረስኩ። እንዲያምር ደግሞ ላዩ ላይ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሼ በግንበኛ ማንካ አለሰለስኩት። በሳምንቱ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ወጣበት፤ ሳንኳኳውም ባዶ ጣሳ ይመስላል። ምን አጥፍቼ ነው? የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያስ የውሃ ታንከር የሚቀመጥበት ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ነው፤ እሱንም ልለስነው?
(መምህር፣ ከሰበታ)

መልስ፦ መምህር፣ በጆሮዎ የሰሙትን ይመኑ። ያ ድምፅ ልስኑ ከብሎኬቱ መላቀቁን ነው የሚነግርዎት። ስንጥቁ ዓይን ይስባል እንጂ የከፋው ጉዳት ከኋላው ነው።

ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ ግድግዳውን ስለማርጠብ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም። ብሎኬት ውሃ ይጠጣል። ደረቁን ሲለስኑት ሲሚንቶው ገና ሳይጨብጥ ውሃውን ይመጥበታል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደግሞ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው፤ ውሃው ካመለጠው ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ18 ዓመቴ፣ ኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ቡኬት (የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ) አመላላሽ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ጠዋት ጠዋት የውሃ ጎማ ያስይዘኝ ነበር። አርጥቤ ስጨርስ ይመጣና ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሰዋል። መዳፉን ቀዝቀዝ ካለውና ውሃ ካልቀረበት «አሁን ጀምሩ» ይላል። ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ያስጠብቀናል፤ ውሃ በቆመበት ላይ ቡኬቱ ይንሸራተታላ። ዛሬም ድረስ ከመዳፌ ሌላ መለኪያ የለኝም።

አንድ ለሁለቱ ደግሞ በዝቷል። ሲሚንቶ ሲበዛ ልስኑ ሲደርቅ አብዝቶ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በአንድ ባልዲ እየለኩ አንድ ለአራት ያድርጉት። አሸዋውን በወንፊት ይንፉ፤ እፍኝ ዘግነው ጨምቀው ሲለቁት መዳፍዎ ላይ ጭቃ ከቀረ አፈር አለውና ይታጠብ ወይም ይቀየር። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ያቡኩ። መጠንከር የጀመረውን ውሃ ጨምረው መልሰው አያቡኩት፤ ሲጥሉት እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፣ ግን ይጣሉት።

አሁን ያንን ግድግዳ እንዲህ ያድኑት። ጠመኔ ይያዙና በማንካው እጀታ ከጥግ እስከ ጥግ ያንኳኩት፤ ባዶ የሚጮኸውን ሁሉ ያክቡት። የተከበበውን እስከ ብሎኬቱ ፈንቅለው ያውጡ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ያራግፉ፣ ውሃ ያጠጡ። መጀመሪያ ቀጠን ያለ ቡኬት በማንካ በኃይል እየወረወሩ ሸካራ አድርገው ይተዉት፤ ያ ሸካራው ነው ቀጣዩን የሚይዝልዎት። በማግስቱ አርጥበው ሁለተኛውን ይምቱና በስታጃ (ቀጥ ባለ ረጅም ጣውላ) ጠርገው እኩል ያድርጉት፤ ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ተኩል አይለፍ። ሲጠነክር የመጨረሻውን ስስ ልባስ ያድርጉና ጣት ሲነካው የማይሰረጉድ ሲሆን በፍራታሶ (እጀታ ባለው ማለስለሻ ጠፍጣፋ እንጨት) ያሹት። ደረቅ ሲሚንቶ ግን በጭራሽ አይነስንሱ፤ የሸረሪት ድር ያሉትን በአብዛኛው ያመጣው እሱ ነው። ከዚያ ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡት። ቅዳሜ ለስነው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ከተዉት ድካምዎ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሥራ ሲሄዱ ቤት ያለ ሰው ያጠጣልዎት። ቀለም ለመቀባት አንድ ወር ይታገሱ።

ጓንት ያድርጉ፣ እባክዎ። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል። እኔ ያኔ ያለ ጓንት ሠርቼ ጣቶቼ ተልጠው ለሁለት ሳምንት እንጀራ መቁረስ አቅቶኝ ነበር።

ሶሌታውን ግን አይለስኑት። የሶሌታ ሆድ (የታችኛው ገጹ) የሚፈሰው በፎርምወርክ፣ ማለትም ኮንክሪቱን ደግፎ ቅርጽ በሚያስይዘው ጣውላ ወይም ላሜራ፣ ላይ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ፎርምወርኩ የተቀባው ዘይትም ይቀርበታል። ልስን እዚያ ላይ የሚቆመው በደንብ ተጭሮ ሸካራ ከሆነ ብቻ ነው፣ ለጀማሪ እጅ ደግሞ ከራስ በላይ መለሰን ከባድ ነው። ከተላቀቀ የሚወድቀው በሚታጠብ ሰው ላይ ነው። ይልቅ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ከታች ሆነው ሶሌታውን ይዩት፤ እርጥበት ወይም ቢጫ እድፍ ካለ መጀመሪያ ፍሳሹ ይደፈን። ደረቅ ከሆነ የፎርምወርኩን መገጣጠሚያ ሸንተረሮች በድንጋይ አሽተው ነጭ ቀለም ይቀቡት። ሲያሹ ዓይንዎን በመነጽር ይከልሉ።