ሊኑክስን ለመማር፣ ከዊንዶውስ ሳትወጪ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። «ሊኑክስ መማር እፈልጋለሁ፣ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ሥራዬ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ነው፣ ኮርስ ልውሰድ ወይስ ዝም ብዬ ልጫነው፣ የትኛውስ ይሻላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የዲስትሮ፣ ማለትም ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች የአንዱን፣ ስም ይነግርሻል። እኔ ከዚያ አልጀምርም።

ለዓመታት የዕለት ሥራዬን የምሠራው በሊኑክስ ነው። ሌሎችንም አስጀምሬያለሁ። ገሚሶቹ ቀጠሉ፣ ገሚሶቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዊንዶውስ ተመለሱ። የተመለሱት ሰነፍ ሆነው አይደለም። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር ስለቀየሩ ነው፤ የሚጽፉበት፣ ፋይል የሚፈልጉበት፣ ፎቶ የሚያስተካክሉበት፣ ፕሪንት የሚያደርጉበት ሁሉ በአንድ ቀን እንግዳ ሆነባቸው፣ በዚህ ላይ ነገ የሚያስረክቡት ሥራ አለ። እንዲህ ሆኖ ማን ይታገሳል?

ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ቀይሪ። ሲስተሙ ይደርሳል። አሁን ዊንዶውስሽ ላይ እንዳለሽ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ፣ ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፣ ለቪዲዮ ቪኤልሲ፣ ለፎቶ ደግሞ ጊምፕ ጫኚ። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ፣ ሊኑክስ ላይም ያው ራሳቸው ናቸው። እውነተኛ ሥራሽን በእነሱ ሥሪ። ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፣ ግን ብዙ ቅርጽ ያለው ሰነድ አንዳንዴ ይዛባል፣ የኤክሴል ማክሮም (ሥራን በራሱ እንዲሠራ የሚጻፍ ትእዛዝ) ሁልጊዜ አይሠራም። ፎቶሾፕ ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። ይህን ገና ዊንዶውሱ በእጅሽ እያለ ብታውቂው ይሻላል። አንዱ ፕሮግራም የግድ ከሆነብሽ ዊንዶውሱን አታጥፊ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኑሩ። ይሄ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፣ «ግማሽ ተጠቃሚ» የሚልሽ ካለም አትስሚው።

እነዚህን ከለመድሽ በኋላ ፍላሽ አዘጋጂ። የሊኑክሱን አይኤስኦ ፋይል (ሙሉ ሲስተሙን በአንድ የያዘ) አውርደሽ ሩፉስ ወይም ባሌና ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ትጽፊዋለሽ (ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አስቀድመሽ ገልብጪው)። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ታስነሺዋለሽ። «ኢንስቶል» የሚለውን እስካልጀመርሽ ድረስ ዊንዶውስሽ ባለበት ነው። ፍላሽ ስለሆነ ቀርፈፍ ይላል፣ በዚያ አትፍረጂበት። የምትፈትሺው ሌላ ነው። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ካሜራውና ፕሪንተሩስ? ላፕቶፑን ከድነሽ ስትከፍቺው ይነሳል? አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ተጨማሪ ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ይፈልጋሉ። ይህን ከመጫንሽ በፊት ማወቅ ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል።

የትኛው ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ሊኑክስ ሚንት፣ ሲናሞን የሚባለው ዴስክቶፕ (የምታዪው የመስኮትና የሜኑ ገጽታ) ያለው። ከታች በኩል ሜኑ አለው፣ ከዊንዶውስ ለሚመጣ ዓይን አይከብድም። ኡቡንቱም ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ሚንት የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ኡቡንቱን ከመረጥሽ ኤልቲኤስ የሚባለውን ውሰጂ፤ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ አምስት ዓመት ያህል የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። ሁሉም ውስጥ ያለው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አንድ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው። ስለዚህ አንዱን ያዢና እዚያው ቆዪ። በየሳምንቱ ዲስትሮ የሚቀያይር ሰው የሚማረው ኢንስቶል ማድረግን ብቻ ነው።

ስትጭኚ ጎን ለጎን ካደረግሽው ሦስት ነገር አትርሺ። ባክአፕ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑርሽ። ዊንዶውሱ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚዘጋ) ካለ የመክፈቻ ቁልፉን ጻፊና አስቀምጪ፣ ካልሆነ ሲጠይቅሽ መግቢያ ታጪያለሽ። ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን (ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን) አጥፊ፣ አለበለዚያ ከሊኑክስ ሆነሽ የዊንዶውሱን ዲስክ ማንበብ እንጂ መጻፍ ላይፈቅድልሽ ይችላል። ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ደግሞ ሁለቴ አንብቢው።

ኮርስ ላልሽው፣ ለቢሮ ሥራ ብቻ ከሆነ አያስፈልግሽም። ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር) ማስተዳደር ካሰብሽ ግን አዎ፣ በሥርዓት ተማሪው፤ ያ ዓለም በአብዛኛው ሊኑክስ ነው። ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም 500 ኃያላን ሱፐርኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። የአንድሮይድ ስልክም ውስጡ የሊኑክስ ከርነል ነው።

ለቀን ተቀን ሥራ በደንብ መረዳት ያለብሽ ጥቂት ነገር ነው። አንደኛው የፋይል አቀማመጥ። ሲ እና ዲ የሚባል ድራይቭ የለም፣ ሁሉም ከአንድ ሥር ይነሳል፣ ፍላሽ ስትሰኪ እንኳ በዚያው ሥር እንደ ፎልደር ይገባል። ያንቺ ፋይሎች ሆም በሚባለው ፎልደርሽ ውስጥ ናቸው። የፕሮግራሞችሽ ሴቲንግም በብዛት እዚያው ተደብቆ ስለሚቀመጥ ሆምን በሙሉ ባክአፕ ካደረግሽ ሲስተሙን እንደገና ብትጭኚ እንኳ ብዙ አታጪም። ሌላው የፕሮግራም አጫጫን ነው። ከየድረ ገጹ እያወረዱ መጫን እዚህ ልማድ አይደለም፣ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ ትጭኛለሽ፣ አፕዴት ሲመጣም ሲስተሙና ፕሮግራሞቹ አንድ ላይ ይታደሳሉ። ለእኔ የሊኑክስ ትልቁ ምቾት ይሄ ነው፣ ከለመድሽው በኋላ ወደ ድሮው መመለስ ያስጠላል።

ተርሚናሉን (ኮማንድ፣ ማለትም ትእዛዝ፣ በጽሑፍ የምትሰጪበትን መስኮት) አትፍሪው፣ ግን ሰው የሰጠሽን ኮማንድ ሳትረጂ አትለጥፊ። በተለይ «ሱዶ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ በሙሉ ሥልጣን ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ማንም «እርግጠኛ ነሽ?» አይልሽም። በተርሚናል የጠፋ ፋይል ቅርጫት ውስጥ አይገባም፣ በቃ ይጠፋል። ጀማሪን የሚያስደነግጡ ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ፓስዎርድ ስትጽፊ ምንም ነገር፣ ኮከብ እንኳ፣ ላይታይሽ ይችላል፤ ኪቦርዱ አልተበላሸም፣ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ኮንትሮልና ሲ እዚህ ኮፒ አያደርግም፣ የሚሠራውን ነገር ያቋርጣል፤ ለኮፒ ሺፍት ጨምሪበት። በእንግሊዝኛ ስም ስትሰጪ ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል፣ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ይሆናሉ።

ችግር ሲገጥምሽ የወጣውን የስህተት መልእክት እስከ መጨረሻው አንብቢ። አብዛኛው ሰው ቀይ ነገር ሲያይ ይዘጋዋል፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ነው፣ «ፈቃድ የለሽም» ወይም «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይልሻል። ስትጠይቂም መልእክቱን ራሱን፣ የዲስትሮሽን ስምና ቨርዥኑን ጨምረሽ ለጥፊ። «አልሠራ አለኝ» ለሚል ጥያቄ ማንም መልስ መስጠት አይችልም።

አሁን የላፕቶፕሽን ሞዴል፣ ራሙን፣ የፕሪንተርሽን ዓይነት እና የግድ የምትፈልጊውን ፕሮግራም ጻፊልኝ። ራሙ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከሲናሞን ይልቅ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ ያለውን ሚንት አውርጂ፣ ቀለል ያለ ነው።