የልብ ፓምፕ ያለበትን ሰው ከቤት ሆኖ መከታተል፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ቤተሰቦች። እዚህ አሜሪካ የልብ ፓምፕ የተተከለላቸውን ሰዎች በሚከታተል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የምመልሰው የደከመ ልብ ደም እንዲገፋ ስለሚያግዘው ሃርትሜት 3 ስለሚባለው ፓምፕ ነው። ኤችቫድ የሚባለው ሌላው ፓምፕ ሽያጩ በ2021 ቆሟል።

«የአባቴ ፓምፕ ቁጥሩን ራሱ ወደ ሆስፒታል ይልካል? ሌሊት የሚያየው ሰው አለ?»

አይልክም፣ እህቴ። ብዙ ሰው እንደ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ራሱ የሚልክ ይመስለዋል። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ከሰውነት ውጪ ሆኖ ፓምፑን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ የሆነውን ውስጡ ይመዘግባል፤ እኛ የምናወርደው ግን አባትሽ ክሊኒክ ሲመጡ ነው። በመሃል ያለው ክትትል በእናንተ እጅ ነው። በየጠዋቱ ከኮንትሮለሩ ላይ ፍጥነቱን፣ ፍሰቱን፣ ፒአዩን (ፍሰቱ ከልብ ምት ጋር ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንደሚል የሚያሳየውን ቁጥር) እና ዋቱን (ፓምፑ የሚበላውን ኃይል) ጻፉ። ክብደታቸውንና ሙቀታቸውንም ጨምሩ። ከዚያ ክሊኒካችሁ በነገራችሁ መንገድ ላኩ። አንዲት ልጅ በደብተር የጻፈችውን በስልክ ስታነብልኝ፣ ፒአዩ ለሦስት ቀን ሲወርድ እንደነበር አየሁ። አባቷ «ደህና ነኝ» ይሉ ነበር። ደብተሩ ባይኖር አናውቅም ነበር።

«ፍሰቱ ከወትሮው ከፍ ብሏል። ደስ ሊለን አይገባም?»

ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። ፓምፑ ውስጥ የሚያልፈውን ደም የሚለካ ነገር የለም። ኮንትሮለሩ ፍሰቱን የሚያሰላው ከፍጥነቱ፣ ከሚበላው ዋትና እኛ ከምናስገባለት የሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ቁጥር ነው። እንግዲህ ፓምፑ ላይ ደም ቢረጋበት ለመዞር ብዙ ኃይል ይበላል። ዋቱ ሲጨምር ኮንትሮለሩ ብዙ ደም እየሄደ ነው ብሎ ያሰላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል። በሃርትሜት 3 ይህ ብዙም አያጋጥምም፤ ሆኖም ዋትና ፍሰት አብረው ከወጡ፣ በተለይ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ያኔውኑ ደውሉ። ነገ አትበሉ።

«እናቴ ጾም ልጹም ትላለች። ይከለከላል?»

እምነቷን አትንኩባት። ግን ሁለት ነገር አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ፣ በዚያ ላይ የሽንት መድኃኒት ከወሰዱ፣ ሰውነት ይደርቃል። ፓምፑ የሚገፋው ደም ያጣል። ፍሰቱ በደቂቃ ከ2.5 ሊትር በታች ሲወርድ አላርሙ ይጮኻል። ሁለተኛው ጎመን ነው። በጾም ድንገት ጎመን ሲበዛ አይኤንአሩ (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው የምርመራ ቁጥር) ይወርዳል፤ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን እንደ ልብ አይሠራም። ጎመን ክልክል አይደለም፤ መጠኑ ሁሌም ተመሳሳይ ይሁን። ጾም ከመግባቱ በፊት ንገሩን፤ አይኤንአሩን ቶሎ ቶሎ እናያለን። ከንስሐ አባቷም ጋር ብትነጋገሩ ጥሩ ነው።

«የባለቤቴ ትርታ ጠፋብኝ! የደም ግፊት መለኪያውም ኤረር ይላል።»

አይዞዎት እናቴ። ፓምፑ ደሙን የሚገፋው ሳያቋርጥ ስለሆነ ትርታ ላይገኝ ይችላል። ተራው መለኪያም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የደሙን ፍሰት በድምፅ እያሰማች ግፊቱን ለመለካት የምትረዳ ዶፕለር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ አጠቃቀሙን ክሊኒኩ ያሳይዎት። በእሷ የሚለካው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በታች እንዲሆን እንፈልጋለን። ሰውየው ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን ትርታ ሲፈልጉ ጊዜ አያጥፉ። 911 ይደውሉ፣ ከሆዱ ወጥቶ ፓምፑን ከኮንትሮለሩ የሚያገናኘው ገመድና ባትሪዎቹ መያዛቸውን ይዩ።

«አዲስ አበባ ይዘነው ብንሄድስ?»

ክሊኒካችሁ ሳይፈቅድ ትኬት አትቁረጡ። አንድ ጥንድ ባትሪ ቢበዛ 17 ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው፤ መብራት ሲጠፋ መቁጠር የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ፓምፑን የሚያውቅ ሐኪም የት እንዳለ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁለቱን ባትሪ ደግሞ በአንድ ጊዜ በፍጹም አትንቀሉ።

«ገመዱ የወጣበት ቦታ ትንሽ ቀልቷል።»

ዛሬ በደንብ ብርሃን ባለበት ፎቶ አንሺና ለክሊኒክሽ ላኪ። ቅባት አትቀቢ፣ የባህል መድኃኒትም አታድርጊበት። መግል ወይም ትኩሳት ካለ ፎቶ አይበቃም፤ ደውዪ።