ፎርሙላውን ሸምድደሽ ማርክ የሚሄደው የት ላይ ነው? (ለመግቢያ ስታቲስቲክስ ክለሳ)

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ ሐዋሳ ዋናው ግቢ የመግቢያ ስታቲስቲክስ ሚድ 4 ቀን ቀርቶታል፣ ፎርሙላዎቹን በቃልሽ ይዘሻል፣ ኩዊዝ ላይ ግን ከ10 ያገኘሽው 4 ነው፣ ከየት ልጀምር? መልሱ ረዘም ይላል። ወረቀትና ካልኩሌተር ይዘሽ አብረሽ እየሠራሽ አንብቢው።

ፎርሙላውን የምታውቂ ከሆነ ማርኩ የሚሄደው ፎርሙላው ላይ አይደለም። ከፎርሙላው በፊት ባሉ ትንንሽ ውሳኔዎች ላይ ነው፦ ዳታው ተደርድሯል ወይስ እንደመጣ ነው? ሳምፕል (ከሁሉም የተመረጠ ናሙና) ነው ወይስ ፖፑሌሽን (ሁሉም በሙሉ)? ክላሱ (ቁጥሮች የተመደቡበት ክልል) የሚነሳው ከ30 ነው ወይስ ከ29.5? ስለዚህ ሃያ ጥያቄ ላይ ላዩን ከመሮጥ ሦስት ዳታ ይዘሽ እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ጭመቂው። ሦስቱም ከታች አሉልሽ።

በመጀመሪያ የመለኪያ ደረጃዎችን ቶሎ ጨርሺያቸው። የመታወቂያ ቁጥርና የቀበሌ ቁጥር ኖሚናል (መለያ ስም ብቻ) ናቸው፤ ቁጥር ቢሆኑም አማካይ አይወጣላቸውም። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ኦርዲናል (ቅደም ተከተል ያለው) ነው። ብዙ ሰው የሚምታታበት ኢንተርቫልና ሬሾ ላይ ነው፤ ለዚህ የዘመን አቆጣጠራችንን ያዢ። በ2010 እና በ2016 ዓ.ም. መካከል 6 ዓመት አለ፣ ወደ ፈረንጆቹ ብትቀይሪውም ያው 6 ነው። ግን «2000 የ1000 እጥፍ ነው» ብትዪ በፈረንጆቹ 2007 እና 1007 ይሆንና እጥፍነቱ ይጠፋል። ዜሮው ሰው የመረጠው መነሻ ስለሆነ ልዩነት እንጂ እጥፍ ትርጉም የለውም፤ ኢንተርቫል ማለት ይኸው ነው። ኪሎ ግን ሬሾ ነው፦ 0 ኪሎ ዓሣ ማለት ዓሣ የለም ማለት ነው፣ በምንም መለኪያ ብትመዝኚው 2 ኪሎ የ1 ኪሎ እጥፍ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዳታ። አሞራ ገደል (የሐዋሳው ዓሣ ገበያ) 8 ጀልባዎች አንድ ቀን ጠዋት ያመጡት ቆሮሶ ዓሣ በቁጥር ይህ ነው እንበል፦ 12፣ 15፣ 9፣ 15፣ 20፣ 11፣ 18፣ 60። ድምሩ 160፣ አማካዩ 20። ሚዲያን (የተደረደረው ዳታ መሃል ላይ ያለውን) ለማውጣት ደርድሪ፦ 9፣ 11፣ 12፣ 15፣ 15፣ 18፣ 20፣ 60። ቦታው (8+1)÷2 = 4.5 ነው፣ ማለትም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል፤ ሁለቱም 15 ስለሆኑ ሚዲያኑ 15። እዚህ ጋ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ሳይደረድሩ መሃሉን መውሰድ ነው፤ ባልተደረደረው ዳታ መሃል ላይ ያሉት 15 እና 20 ስለሆኑ 17.5 ይመጣል። ሁለተኛው 4.5ን ራሱን መልስ አድርጎ መጻፍ ነው። 4.5 የወንበር ቁጥር ነው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ነው። ሞዱም (ብዙ ጊዜ የመጣው ቁጥር) 15 ነው፤ ሁለት ጊዜ ስለመጣ እንጂ ሞድ 2 ተብሎ አይጻፍም።

አማካዩ 20 ሆኖ ሳለ ከ8ቱ ጀልባዎች 6ቱ 20 እንዳልደረሱ ልብ በዪ። የጎተተው 60 ነው። እሱን ብታወጪው አማካዩ 100÷7 = 14.29 ይወርዳል፣ ሚዲያኑ ግን 15 ላይ ይቆያል። «የትኛው መለኪያ ይሻላል? ለምን?» ሲባል የሚፈለገው መልስ ይህ ነው፤ «ሚዲያን፣ ምክንያቱም አውትላየር (ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር) አለ» ብለሽ ብቻ አትለፊ፣ ቁጥሩን አሳዪ።

60 አውትላየር መሆኑን በዐይን ሳይሆን በኳርታይል (የተደረደረውን ዳታ ለአራት በሚከፍሉት ነጥቦች) አረጋግጪ። ቦታውን በ(ብዛት+1)÷4 ካሰላሽ 2.25 ነው፦ የመጀመሪያው ኳርታይል 11 + 0.25×(12−11) = 11.25። ሦስተኛው 6.75ኛ ቦታ ላይ ነው፦ 18 + 0.75×(20−18) = 19.5። የሁለቱ ልዩነት 8.25። የላይኛው አጥር (ከሱ ያለፈ ቁጥር አውትላየር የሚባልበት ወሰን) 19.5 + 1.5×8.25 = 31.875 ስለሆነ 60 ከአጥሩ ውጭ ነው። ዳታውን ለሁለት ከፍሎ የየግማሹን ሚዲያን የሚወስደው ዘዴ ግን 11.5 እና 19 ይሰጥሻል። ሁለቱም በመጻሕፍት ያሉ ዘዴዎች ናቸው፣ አንዱ ስህተት አይደለም። ፈተና ላይ የሚሠራው ግን መምህራችሁ ሀንድአውት ላይ የተጠቀመበት ነው፤ ዛሬውኑ ገልጠሽ የትኛው እንደሆነ እዪና ሌላውን ተዪው።

ወደ ቫሪያንስና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ዳታው ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተነ የሚለኩት) እንለፍ። ብዙ ጊዜሽን እዚህ ላይ አውዪ። ግቢ በር ላይ ባጃጅ የጠበቁ 5 ተማሪዎች፣ በደቂቃ፦ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 14። አማካይ 8። ከአማካዩ ያላቸው ርቀት −4፣ −2፣ −1፣ 1፣ 6። ወደ ፊት ሳትሄጂ ደምሪያቸው፤ 0 ካልመጣ አማካይሽ ወይም መቀነስሽ ስህተት አለበት፣ ተመለሺ። ይህች የ5 ሰከንድ ማረጋገጫ ሙሉ ጥያቄ ታድናለች። ስኩዌራቸው 16፣ 4፣ 1፣ 1፣ 36፣ ድምሩ 58። ሳምፕል ከሆነ 58÷4 = 14.5፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3.81 ደቂቃ። ፖፑሌሽን ከሆነ 58÷5 = 11.6፣ ስሩ 3.41። የቫሪያንሱ መለኪያ «ደቂቃ ስኩዌር» ነው፤ ደቂቃ ብሎ መጻፍ ማርክ ያስቀንሳል።

ሳምፕል ሲሆን በብዛት ሲቀነስ 1 (ለ5 ሳይሆን ለ4) ለምን እናካፍላለን? ርቀቶቹ የግድ 0 ስለሚደመሩ አራቱን ካወቅሽ አምስተኛው ራሱ ይወጣል፤ ነጻ የሆኑት 4 ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ አማካዩ የተወሰደው ከዚያው ከሳምፕሉ ስለሆነ ለራሱ ዳታ ይጠጋል፣ ስርጭቱንም ከእውነተኛው ያሳንሰዋል፤ በትንሽ ቁጥር ማካፈል ያንን ያቃናል። ጥያቄው ላይ «በዘፈቀደ የተመረጡ»፣ «ናሙና»፣ «ከ... ውስጥ» የሚል ካለ ሳምፕል ነው። «በክፍሉ ያሉ ተማሪዎች በሙሉ» ካለ ፖፑሌሽን። ቃሏን ከስር አስምሪባትና ሥራሽን ጀምሪ።

አቋራጩ መንገድ የቁጥሮቹን ስኩዌር ደምሮ የድምሩን ስኩዌር በብዛት አካፍሎ መቀነስ ነው፦ 378 − (40×40)÷5 = 58። ፈጣን ነው፣ ግን አማካዩን አጠጋግቶ ለሚያስገባ ሰው አደገኛ ነው። ከዓሣው ዳታ 60ን አውጥተሽ በቀሩት 7 ላይ ሞክሪው። የስኩዌሮቹ ድምር 1520 ነው። በትክክል ሲሠራ 1520 − 10000÷7 = 91.43። አማካዩን ወደ 14 አጠጋግተሽ 1520 − 7×14×14 ካልሽ 148 ይመጣል። 0.29 ብቻ ተቆርጣ ውጤቱን ይህን ያህል ያበላሸችው የተቆረጠው አማካይ ስኩዌር ሆኖ በ7 ስለተባዛ ነው። ማጠጋጋት የመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ይሁን።

ካልኩሌተርሽ ካሲዮ ኤፍ ኤክስ-82 ኤም ኤስ ከሆነ፦ ሞድ ቀጥሎ 2 ስትጫኚ ስክሪኑ ላይ ኤስ ዲ ይላል። ከዚያ ሺፍት፣ ሞድ፣ 1፣ እኩል ይሆናል ብለሽ የድሮውን ዳታ አጥፊ፤ ይህን የረሳ ሰው የትናንቱን ቁጥር ከዛሬው ጋር ደባልቆ ያሰላል። እያንዳንዱን ቁጥር ጽፈሽ ኤም ፕላስን ተጫኚ፤ ስክሪኑ ስንተኛው ላይ እንደደረስሽ ይቆጥርልሻል፣ መጨረሻ ላይ ከጥያቄው ብዛት ጋር አስተያዪው። ሺፍት 2 ውስጥ 1 አማካይ፣ 2 በብዛት የተካፈለው፣ 3 በብዛት ሲቀነስ 1 የተካፈለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው። ስትጨርሺ ሞድ 1 ብለሽ ወደ ተራው ሂሳብ መልሺው። ካልኩሌተሩን ለማረጋገጫ ተጠቀሚበት፣ ሥራሽን ግን ወረቀቱ ላይ አሳዪ፤ መልስ ብቻ የጻፈ ሰው ቢሳሳት ከፊል ማርክ የሚሰጥበት ነገር የለም።

ሦስተኛው በክላስ የተመደበ ዳታ ነው። የ30 ተማሪዎች ውጤት ከ60፦

10–19፦ 4 ተማሪ
20–29፦ 7
30–39፦ 12
40–49፦ 5
50–59፦ 2

ገና ሳትነኪው ሦስት ነገር ጎኑ ላይ ጻፊ፦ ባውንደሪ (የክላሶቹ ወሰን፦ 9.5፣ 19.5፣ 29.5...)፣ የክላስ መሃል (14.5፣ 24.5...)፣ ኩሙሌቲቭ ፍሪኩዌንሲ (እየተደመረ የሚሄደው ብዛት፦ 4፣ 11፣ 23፣ 28፣ 30)። የክላሱ ስፋት 10 ነው፣ 19−10 = 9 አይደለም፤ ስፋት የሚቆጠረው ከባውንደሪ እስከ ባውንደሪ ነው። አማካይ፦ መሃሉን በፍሪኩዌንሲው አባዝተሽ ስትደምሪ 975፣ ሲካፈል ለ30፣ 32.5። ለ5 ክላስ ብዛት ማካፈል የተለመደ ጥፋት ነው፤ ያኔ 195 ስለሚመጣ ከ60 በላይ መሆኑ ራሱ ይጮህብሻል።

ሚዲያን፦ 30÷2 = 15፤ ኩሙሌቲቩ 15ን መጀመሪያ የሚያልፈው 30–39 ላይ ነው። 29.5 + (15−11)÷12×10 = 32.83። ከ30 ከተነሳሽ 33.33 ይመጣል፣ ስህተት ነው። በ11 ፋንታ የክላሱን የራሱን 23 ከቀነስሽ 22.83 ይመጣል፤ ይህ ከ30–39 ውጭ ስለሆነ መልስ ሊሆን አይችልም። የሚቀነሰው ኩሙሌቲቭ ሁልጊዜ ከክላሱ በፊት ያለው ነው። ሞድ፦ 29.5 + 5÷(5+7)×10 = 33.67፤ 5ቱ 12−7 ነው፣ 7ቱ 12−5 ነው። አማካይ ከሚዲያን፣ ሚዲያን ከሞድ ስላነሰ ስርጭቱ በጥቂቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።

ለቫሪያንሱ መሃሉን ስኩዌር አድርገሽ በፍሪኩዌንሲ አባዢ፦ 4×14.5×14.5 እንጂ (4×14.5) ተይዞ ስኩዌር አይደረግም። ድምሩ 35167.5። 35167.5 − (975×975)÷30 = 3480፣ ሳምፕል ነው ካልን ለ29 ሲካፈል 120፣ ስሩ 10.95።

ሰንጠረዡን ራስሽ ሥሪ ከተባልሽ ስፋቱን ወደ ላይ ብቻ አጠጋጊ። ሬንጁ 50፣ ክላሱ 6 ቢሆን 8.33 ይመጣል፤ 8 ካልሽ 8×6 = 48 ስለሆነ ትልቁ ቁጥር ቦታ ያጣል፣ 9 ነው የሚሆነው። ግራፍ ላይ፦ ሂስቶግራም ባውንደሪ ላይ ይቆማል፣ ክፍተት የለውም። ፖሊጎን መሃል ላይ፣ ኦጃይቭ (የኩሙሌቲቩ ግራፍ) የላይኛው ባውንደሪ ላይ ነጥብ ይደረጋል፣ 9.5 ላይ ከ0 ይነሳል። ከ15 አግድም ሄደሽ ከኦጃይቩ ወደ ታች ብትወርጂ 32.8 አካባቢ ማረፍ አለብሽ።

አጭር ጥያቄ ሆነው የሚመጡ ሁለት ነገሮች ይቀሩሻል። የ40 ተማሪዎች አማካይ 60፣ የ20ዎቹ 75 ከሆነ የሁሉም አማካይ 67.5 አይደለም፤ (2400+1500)÷60 = 65 ነው። ለሁሉም 5 ማርክ ቢጨመር አማካዩ በ5 ያድጋል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አይነቃነቅም፤ ሁሉም በ2 ቢባዛ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ እጥፍ፣ ቫሪያንሱ 4 እጥፍ ይሆናል።

ቀኖቹን እንዲህ ብትከፍያቸው ይበቃሻል፦ ዛሬ የዓሣው ዳታና የመለኪያ ደረጃዎች፣ ነገ የባጃጁ ዳታ ብቻ፣ በሦስተኛው ቀን የተመደበው ሰንጠረዥ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ይህን ጽሑፍ ሸፍነሽ። በአራተኛው ቀን ኩዊዝሽን አውጥተሽ የተሳሳትሽበትን እንደገና ሥሪና ከእያንዳንዱ ጎን ስህተቱ የየትኛው ውሳኔ እንደነበር በአንድ ቃል ጻፊ፦ መደርደር፣ ሳምፕል፣ ባውንደሪ፣ ማጠጋጋት። የሚደጋገመው አንዱ ነው የሚሆነው፤ ፈተና ወረቀቱ እንደደረሰሽ ያንን ቃል ጥግ ላይ ጻፊው። የሰንጠረዡ ሚዲያን ከ32.83 የተለየ ከመጣብሽ አሠራርሽን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ የት መስመር ላይ እንደተለየ አብረን እናየዋለን።