ፎቁ የሚምታታባቸው እንግዶች

ጥያቄ፦ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ለአስታማሚዎች በነጻ ማደሪያ የምንሰጥበት ባለ 3 ፎቅ ቤት አለን። እንግዶች ክፍላቸው ይጠፋባቸዋል። ምልክቱን እንዴት እናሠራ?

መልስ፦ ከቀለም በፊት አጠራሩን አስተካክሉ። «አንደኛ ፎቅ» ሲባል አንዱ ግራውንዱን፣ ሌላው ከእሱ በላይ ያለውን ያስባል። ስለዚህ ግራውንዱን ጨምሮ ለየፎቁ አንድ ሥዕል ስጡ፦ ጀበና፣ መሶብ፣ ጃንጥላ፣ በሬ። ማንበብ የማይችል ወይም አማርኛ የማያውቅ እንግዳም «ጃንጥላው ጋ» ብሎ ይመለሳል። ያንኑ ሥዕል ቁልፉ ላይም አንጠልጥሉ። ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማታ ሁሉም ግራጫ ነው።

ከ10 ሜትር እንዲነበብ ፊደሉ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ወፈር ያለ፤ በቀጭኑ «ለ» እና «ሉ» አይለዩም። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት መብራት ስለሚመልስ ደብዛዛውን ምረጡ። ቀስት መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ይለጠፍ፣ መሐሉ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የደረጃው ጠርዝ ላይ በጨለማ የሚያበራ ቴፕ ያስፈልጋል።